ስድሳ ኪዩቢክ ጫማ አየር

በ1878 የእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደር ቦርድ ባወጣው ደንብ ውስጥ አንድ እንግዳ ሒሳብ ይገኛል። በቦይ ላይ በምትመላለስ ጀልባ ጓዳ ውስጥ፣ ዕድሜው ከ12 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው 60 ኪዩቢክ ጫማ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ 40 ኪዩቢክ ጫማ ነጻ አየር ሊኖር ይገባል ይላል። የመጀመሪያው በሜትር ሲሰላ 1.7 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ከአንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ብዙም አይበልጥም። ደንቡ በዚህ አላበቃም። ባልና ሚስት በሚያድሩበት ጓዳ ውስጥ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከ12 ዓመት በላይ የሆነች ሌላ ሴት ወይም ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሌላ ወንድ እንዳይተኛ ይከለክላል። ጀልባዋ የምትመዘገብበት ከተማ ሹም ጓዳውን ያስለካል፤ ስንት ሰው፣ በየትኛው ዕድሜና ጾታ ሊኖርባት እንደሚችል በምስክር ወረቀት ላይ ያሰፍራል። የከተማው ስምና የምዝገባው ቁጥርም ከጀልባዋ አካል ላይ በጉልህ ይጻፋል።

መንግሥት ወደ ድኃ ሰው መኝታ ይህን ያህል ቀርቦ ያየበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም በዚያ ሁሉ ልኬት መካከል አንድ ነገር አልታየውም፤ ወይም ሊያየው አልፈለገም። ጭንቀቱ ሁሉ ወንድና ሴት ያለ ጋብቻ በአንድ ጓዳ እንዳያድሩ ነበር። ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች አንድ ጓዳ ቢጋሩ፣ አየሩ እስከበቃቸው ድረስ መዝገቡ የሚጠይቃቸው ጥያቄ አልነበረውም። የዚህ ጽሑፍ ነገር የሚነሣው ከዚያች ክፍተት ነው። ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች በእንግሊዝ ቦዮች ላይ ከመዝገብ ዝምታ ተነሥተው በወረቀት የጸደቀ ቤተሰብ እስኪሆኑ ድረስ ያለውን መንገድ ለመከተል እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃል አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ያለው የቆየ ቃል ከሃይማኖት መጽሐፍ የመጣ በመሆኑ ገና ከአፍ ሲወጣ ፍርዱን ይዞ ይወጣል። ታሪክ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ፍርዱን ከመጀመሪያው መስመር ላይ ካኖረ የሚጽፈው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ረዘም ቢልም «ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች» የሚለውን ይዣለሁ። «ባልንጀራ» የሚለው ጥንታዊ ቃላችንም አልፎ አልፎ ያገለግለኛል፤ የሚያብራራውን ያህል የሚሸፍን ቃል ነውና ለዚህ ታሪክ ይስማማል።

የእንግሊዝ የቦይ ዘመን የሚጀመረው በ1761 ነው ይባላል። የብሪጅዋተር መስፍን ከዎርስሊ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶቹ እስከ ማንቸስተር ድረስ ቦይ አስቆፈረ፤ መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ ነበር። አንድ ፈረስ በመንገድ ላይ ሊጎትት ከሚችለው ሸክም ብዙ እጥፍ የሚሆነውን በውኃ ላይ በቀላሉ ይጎትታልና ሥራው አዋጭ ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድሳና ሰባ ዓመታት ውስጥ ኮረብታና ሸለቆ ሳይበግረው ቦይ አገሩን እንደ ሸረሪት ድር ሸፈነው። በመካከለኛው እንግሊዝ የተሠሩት የውኃ በሮች ስፋታቸው 7 ጫማ ያህል ብቻ ስለነበር ጀልባውም በዚያው ልክ ጠበበ። ርዝመቱ 70 ጫማ፣ ወርዱ 7 ጫማ፤ ይኸውም 21 ሜትር በ2.1 ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ርዝመት ውስጥ ለሰው የተተወው በስተኋላ ያለው 3 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ቀሪው የጭነት ነው።

በመጀመሪያ ላይ ጀልባውን የሚነዱት ወንዶች ነበሩ፤ ቤታቸው በየብስ ነበር። የባቡር ሐዲድ መጥቶ የጭነት ዋጋውን ሲሰብረው፣ ጀልባ ነጂው የቤት ኪራይና የረዳት ደመወዝ የሚከፍልበት አጣ። ስለዚህ ረዳቱን አሰናበተና ሚስቱንና ልጆቹን አሳፈረ። የቦይ ቤተሰብ የተወለደው እንግዲህ ከፍቅር ሳይሆን ከሒሳብ ነው። ሚስት ያለ ደመወዝ መሪ ትይዛለች፤ ልጅ ፈረስ ይነዳል። በዚያች ሦስት ሜትር ጓዳ ውስጥ የከሰል ምድጃ፣ ሲከፈት ጠረጴዛ የሚሆን የቁም ሣጥን መዝጊያ፣ በጎን በኩል ጠባብ መደብ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ሌሊት ተዘርግቶ ቀን የሚታጠፍ የባልና ሚስት አልጋ ነበሩ። ግድግዳው በጽጌረዳና በግንብ ሥዕል ያጌጠ ነው፤ ዳንቴልና የተወለወለ ነሐስ አይጠፋበትም። ያ ሁሉ ጌጥ በድኅነት መካከል የተደረገ የኩራት ጉዳይ ነበር። የቦይ ሴት ጓዳዋን የሚያይ እንግዳ ምን እንደሚል ጠንቅቃ ታውቃለች።

እንግዳው መጣ፤ ክፉም ተናገረ። የኮልቪሉ ጆርጅ ስሚዝ በልጅነቱ በጡብ ፋብሪካ የደከመ፣ በኋላም ለጡብ ሠራተኛ ሕፃናት የተሟገተ ሰው ነበር። በ1875 ስለ ቦይ ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ ጀልባዎቹን የስካር፣ የመሃይምነትና የዝሙት ጎሬ አድርጎ ሣላቸው። በ1877 የወጣው የቦይ ጀልባዎች ሕግ የእርሱ ጩኸት ውጤት ነው፤ ሕጉ ጥርስ እንዲኖረውም በ1884 ተሻሻለ። ስሚዝን መውቀስ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ልጆቹን ማየቱ እውነት ነበር። ሕጉ የጀልባ ልጅ ጀልባዋ በተመዘገበችበት ከተማ እንደሚኖር ተቆጥሮ በዚያ ትምህርት ቤት እንዲያገኝ ደንግጓል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ጀልባዋ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ በመሆኗ፣ አብዛኞቹ የቦይ ልጆች እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ሳያነቡና ሳይጽፉ አደጉ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ክፍተቷ እንመለስ። መዝገቡ ስለ ሁለት ወንዶች ዝም ቢልም የአገሩ ወንጀል ሕግ ግን ዝም አላለም። ከ1533 ጀምሮ በሁለት ወንዶች መካከል የሚፈጸም ግንኙነት በሞት ያስቀጣ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ለመጨረሻ ጊዜ ሁለት ሰዎች በለንደን የተሰቀሉት በ1835 ነው። የሞት ቅጣቱ በ1861 ተሻረ። በ1885 ደግሞ የፓርላማ አባሉ ሄንሪ ላቡሸር በአንድ ሌላ ሕግ ላይ ባስጨመረው አንቀጽ፣ በአደባባይም ሆነ በስውር የተፈጸመ ማንኛውም የዚህ ዓይነት ድርጊት እስከ ሁለት ዓመት እስራት እንዲያስቀጣ ሆነ። እንግዲህ በ1890 አንድ ሹም የጀልባ ጓዳ ለመመርመር ብቅ ቢልና ሁለት ወንዶች ቢያገኝ፣ በእጁ ያለው ቅጽ «በቂ አየር አለ» ብሎ ሲያልፋቸው፣ ሌላው የመንግሥት መጽሐፍ ወኅኒ ሊያወርዳቸው ይችላል። ሁለት ወንዶች በአንድ ጀልባ መሥራታቸው የተለመደ ስለነበር ደግሞ ማንም ዘወር ብሎ አያያቸውም። በዚህ መካከል ስንቱ እንጀራውን ብቻ እንደተጋራ፣ ስንቱ ሕይወቱን እንደተጋራ የሚነግረን የለም።

የሴቶቹ ነገር ሌላ ነው። የእንግሊዝ ሕግ የሴቶችን ግንኙነት በስም ጠርቶት አያውቅም። በ1921 የታችኛው ምክር ቤት ይህንንም ወንጀል ለማድረግ ድምፅ ሰጠ፤ የላይኛው ምክር ቤት ግን ጣለው። የጣለበት ምክንያት ከርኅራኄ የመጣ አልነበረም። ጌቶቹ የፈሩት ሕጉ ነገሩን በስም በመጥራቱ፣ ሰምተውት የማያውቁትን እጅግ ብዙ ሴቶች እንዳያስተምር ነው። ዝምታ ራሱ ፖሊሲ ሆኖ በምክር ቤት የጸደቀበት ቀን ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊ ሁለት ፈተናዎች አሉበት። አንደኛው በመዝገብ ላይ ሁለት የሴት ስም ባየ ቁጥር ጥንዶች አገኘሁ ብሎ መጮኽ ነው። ሁለተኛው ማስረጃ የለምና አልነበሩም ብሎ መዝጋት ነው። ሁለቱም ስንፍና ይመስሉኛል። ማስረጃው የጎደለው በምን ምክንያት እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል፤ ለዚህም ከቦዩ ዳር ብዙ ሳንርቅ በየብስ ላይ የኖሩ ሴቶችን ማየት ይጠቅማል።

በሰሜን ዌልስ ላንጎለን በምትባል ትንሽ ከተማ ሌዲ ኤሊነር በትለርና ሣራ ፖንሰንቢ የሚባሉ ሁለት አይርላንዳውያን ሴቶች ይኖሩ ነበር። በ1778 የወንድ ልብስ ለብሰው፣ ሽጉጥ ይዘው ከየቤተሰባቸው ኮበለሉ። ተይዘው ተመለሱ፤ ነገር ግን የሁለቱን ሐሳብ የሚያስለውጥ ባለመገኘቱ ቤተሰቦቻቸው በዚያው ዓመት እጃቸውን ሰጡ። ከ1780 ጀምሮ ፕላስ ኔውይድ በተባለ ቤት፣ ሜሪ ካሪል ከተባለች ታማኝ ሠራተኛቸው ጋር ጎጆ ወጡ። በትለር በ1829 እስክትሞት ድረስ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል አብረው ኖሩ፤ ፖንሰንቢ በ1831 ተከተለቻት፤ ሦስቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብረዋል። ዎርድስወርዝና ዋልተር ስኮት ጎብኝተዋቸዋል። በ1790 አንድ ጋዜጣ ስለ ፍቅራቸው አሽሙር ሲጽፍ፣ እንክሰስ ወይ ብለው ያማከሩት ኤድመንድ በርክን ነበር። ጠበቃ ሲያሻው እንዲህ ያለ ሰው የሚያገኝ ሁሉ አይደለም።

በእነርሱ ዘመን ከላንጎለን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ በዲ ወንዝ ላይ የፖንትከሰሌትን የውኃ ድልድይ ሠሩ። 38 ሜትር ከፍታ፣ 300 ሜትር የሚያልፍ ርዝመት ያለው የብረት ገንዳ በሰማይ ላይ ጀልባ ያሳልፋል፤ የተከፈተው በኅዳር 1805 ነው። በ1808 ለዚሁ ቦይ ውኃ የሚያመጣው መስመር ከከተማዋ በላይ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ተዳፋት ላይ ተጠናቀቀ። ሁለቱ እመቤቶች ከአትክልታቸው ወጥተው ጥቂት ቢራመዱ ይደርሱበታል። በድልድዩ ላይ ፈረስ እየነዱ ያለፉት ሰዎች ማን ከማን ጋር እንደ ኖረ የሚናገር ወረቀት የለም፤ የሁለቱ እመቤቶች አልጋ ጉዳይ ግን ሁለት መቶ ዓመት አከራክሯል።

በ1822 ፕላስ ኔውይድን ከጎበኙት አንዷ የዮርክሸሯ ባለ ርስት አን ሊስተር ናት። ሊስተር አምስት ሚሊዮን ቃል ያህል የሚሆን የዕለት ማስታወሻ ትታለች፤ ከስድስት አንዱ እጅ በምስጢር ፊደል የተጻፈ ነው። ፊደሉን ፈትታ ያነበበችው ሄለና ዊትብሬድ በ1988 የመጀመሪያውን ምርጥ ክፍል ስታሳትም፣ የሊስተር ከሴቶች ጋር የነበራት ፍቅር ያለ አንዳች ጥርጥር ተገለጠ። ሊስተር በ1834 በፋሲካ ቀን በዮርክ ከተማ በጉድራምጌት በሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከአን ዎከር ጋር አብራ ቆርባ፣ ያንን እንደ ጋብቻቸው ቆጠረችው። ይህች ሴት የከሰል ማዕድን ባለቤት ነበረች፤ ከገቢዋም ከፊሉ የሚመጣው ከቦይ ኩባንያ አክሲዮን ነው። በሌላ አነጋገር፣ የእርሷን የምስጢር ፊደልና ጸጥታ የሰፈነበት የጽሕፈት ክፍል ከደጎሙት መካከል በሦስት ሜትር ጓዳ የሚያድሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች የከፈሉት የመተላለፊያ ቀረጥ ነበረበት። ማስረጃው የጎደለው በዚህ ምክንያት ነው። ገመናን ጽፎ ለማስቀረት በር ያለው ክፍል፣ ቁልፍ ያለው መሳቢያ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ፊደል ያስፈልጋል። የቦይ ሰው ሦስቱም አልነበሩትም።

የተማሩ ሴቶች በጀልባ ጓዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቡድን የኖሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄዱ የግራንድ ዩኒየን ቦይ ጭነት ኩባንያ ከ1942 አንሥቶ በኪት ጌይፎርድ አሠልጣኝነት ወጣት ሴቶችን በነጂነት ቀጠረ። ሦስት ሴቶች በአንድ ጥንድ ጀልባ፤ ፊተኛው ባለ ሞተር፣ ኋለኛው ተጎታች። ከለንደን ወደብ ብረትና ሌላ ጭነት 50 ቶን ያህል ጭነው 220 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው በርሚንግሃም ይወጣሉ፤ በዋናው መስመር ላይ 166 የውኃ በሮች አሉ። ሲመለሱ ከኮቨንትሪ አካባቢ ከሰል ይጭናሉ። በደረታቸው የሚያደርጉት የአገር ውስጥ የውኃ መንገዶች ምልክት ሁለት ፊደላት በእንግሊዝኛ «ሥራ ፈት ሴቶች» ተብለውም ሊነበቡ ስለሚችሉ፣ ስሙ ቀልድ ሆኖ ተለጠፈባቸው። በመጸዳጃ ፋንታ ባልዲ፣ በመታጠቢያ ፋንታ ድስት የሚያክል ሳህን፣ እጅ የሚልጥ ቀዝቃዛ ብረት፣ ትኋንና ረኃብ የነበረበትን ሕይወት ሥራ ፈትነት ማለት ቀልድም ቢሆን መራራ ነው።

ከእነዚህ ሴቶች ሦስቱ መጻሕፍት ጽፈዋል፦ ሱዛን ዉልፊት በ1947፣ ኤማ ስሚዝ በ1948፣ ጌይፎርድ ራሷ በ1973። ጥንዶችን ለማግኘት ብሎ ወደ እነዚህ መጻሕፍት የሚሄድ አንባቢ የሚፈልገውን ላያገኝ ይችላል፤ የአንዷንም ሴት ስም አንሥቼ እንዲህ ነበረች ለማለት አልደፍርም። ከጓዳው የወጣው የመጀመሪያው የሴቶች ጽሑፍ ያረጋገጠው ግን አንድ ነገር አለ። ባልና ሚስት ከሌሉባትም ጀልባዋ ቤት ትሆናለች። ማን ቀድሞ ተነሥቶ ምድጃ እንደሚያነድ፣ ማን ዳቦ ለመግዛት እንደሚሮጥ፣ ተጣልተው ያደሩ ሰዎች በማግሥቱ እንዴት አንድ በር በጋራ እንደሚከፍቱ የተመዘገበው ያኔ ነው። የትዳር ሥራ ከጋብቻ ወረቀት ተለይቶ በግልጽ ይታያል።

ንግዱ ግን እየሞተ ነበር። ቦዮቹ በ1948 የመንግሥት ሆኑ፤ በ1962 እና 1963 መካከል የነበረው ክረምት ውኃውን ለሳምንታት በበረዶ ቆልፎ የቀረውን ገበያ ወሰደው። እስከ 1970 መኸር ድረስ ከአተርስቶን ወደ አንድ የለንደን ማርማላታ ፋብሪካ ከሰል ያመላለሱት ጀልባዎች ከመጨረሻዎቹ የቤተሰብ ጀልባዎች መካከል ናቸው። በሌላ በኩል ቶም ሮልት በ1939 ከሚስቱ ጋር በጀልባ ኖሮ በ1944 ያሳተመው መጽሐፍ፣ የተማሩ ሰዎችን ወደዚህ ኑሮ ሳበ። ጭነት የነበረበት ቦታ መኝታ ቤትና ወጥ ቤት ሆነ። ስለዚህ ዛሬ በጀልባ የሚኖር ሰው ሦስት ሜትር ሳይሆን እስከ አሥራ አምስት ሜትር የሚደርስ ቤት ሊኖረው ይችላል፤ ወርዱ ግን ያው ሁለት ሜትር ነው። ሁለት ሰዎች በኮሪደሩ ለመተላለፍ አንዱ ለሌላው ጎኑን መስጠት አለበት።

ሕጉም በየብስ ላይ መንገዱን ጀመረ። በ1967 በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜያቸው 21 የሞላ ሁለት ወንዶች በግል ቦታ የሚያደርጉት ከወንጀልነት ወጣ። የጦር ሠራዊቱና የንግድ መርከብ ሠራተኞች ግን በዚሁ ሕግ ተለይተው ቀሩ፤ ሕግ አውጪው በተለይ ተኮልኩለው በሚያድሩ ሰዎች ላይ መጨነቁን አልተወም ነበር። ስኮትላንድ በ1980፣ ሰሜን አይርላንድ በ1982 ተከተሉ። በ1988 ደግሞ ነገሩ ወደ ኋላ ሄደ። የአካባቢ መስተዳድሮች እንዲህ ያለውን ኑሮ በትምህርት ቤቶቻቸው ተቀባይነት ያለው ቤተሰብ አድርገው እንዳያስተምሩ የሚከለክል አንቀጽ ወጣ፤ ሕጉም እነዚህን ቤተሰቦች የይስሙላ ብሎ ጠራቸው። አንቀጹ በስኮትላንድ በ2000፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ2003 ተሻረ።

በይስሙላ ቤተሰብ ውስጥ የሚያድግ ልጅ እውነተኛ ምሳ ይበላል፤ እውነተኛ ጉንፋንም ይይዘዋል። ከጥንዶቹ አንዷ የወለደችው ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ቢገባ፣ ወይም እናቱ ብትሞት፣ ሌላዋ በሕግ ፊት እንግዳ ናት። በ2000ዎቹ የተካሄደው ሙግት በእኔ አስተያየት ከሠርግ ይልቅ የዚህ ነበር። ከታኅሣሥ 2005 ጀምሮ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች የሲቪል አጋርነት መመዝገብ ቻሉ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ልጅ በጋራ በማደጎ እንዲወስዱ የሚፈቅደው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ከ2009 ወዲህ ሕጉ ያስቀመጣቸውን ሁኔታዎች ያሟሉ ሁለት ሴቶች በልደት መዝገብ ላይ ሁለቱም ወላጅ ሆነው መጻፍ ቻሉ። የመጀመሪያዎቹ ጋብቻዎች የተፈጸሙት በመጋቢት 29 ቀን 2014 ነው። ሆላንድ ቀድማ ነበር፤ በሚያዝያ 1 ቀን 2001 እኩለ ሌሊት ላይ የቦይ ከተማ በሆነችው አምስተርዳም አራት ጥንዶች በከንቲባው ፊት ተጋብተዋል።

እዚህ ላይ የሕግ ጸሐፊዎችን ቀልደኛነት የሚያሳይ ነገር ላንሣ፤ ቀልዱ ሳያውቁት የወጣቸው ነው። በ2005 የወጣው ደንብ ጋብቻና ሲቪል አጋርነት የሚፈጸምበትን ቦታ ሲተረጉም፣ የማይንቀሳቀስ ሕንፃ ወይም በቋሚነት የታሰረ ጀልባ ይላል። ጀልባ ይፈቀዳል፣ መሄድ ግን የለበትም! ቤታቸው የምትጓዝ ጀልባ የሆነች ጥንዶች በገዛ ቤታቸው ለመጋባት ቤታቸውን ቤት ያሰኛትን ነገር መተው ነበረባቸው። ጋብቻውን ለማሳወቅ ደግሞ እያንዳንዳቸው በአንድ የምዝገባ ወረዳ ቢያንስ 7 ቀን መኖር አለባቸው። ደግነቱ ይህ ይቻላል፤ ምክንያቱም በ1995 የወጣው የብሪታንያ የውኃ መንገዶች ሕግ ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ ነው የሚያዘው።

ይህ የ14 ቀን ሕግ ነው ዛሬ የቦይ ቤተሰብን ኑሮ የሚገዛው። ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የውኃ መንገድ የሚያስተዳድረው የቦይና የወንዝ ባለ አደራ ድርጅት የጀልባዎቹን ቁጥር እየዞረ ይመዘግባል። ልጅ ያላቸው ሁለት እናቶች ወይም ሁለት አባቶች በየሁለት ሳምንቱ ከትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቁ ማስላት አለባቸው። ፖስታ የት ይምጣ? በቀዝቃዛው ወራት የውኃ በሮች ለጥገና ሲዘጉ በየትኛው በኩል መገኘት ይሻላል? የውኃ ጋኑ መቼ ይሞላ፣ የመጸዳጃው ታንክ የት ይደፋ? የጎረቤት ሐሜት ከባድ ከሆነ ገመድ ፈትቶ መሄድ ይቻላል፤ ጎረቤት ደግ ሲሆንም ግን በአሥራ አራተኛው ቀን ገመዱ ይፈታል። በጥርጣሬ ለኖሩ ሰዎች ይህ ነጻነት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ልጅ ሲመጣ ግን ያው ነጻነት ዋጋ ያስከፍላል፤ በ1877 የወጣው ሕግ ለጀልባ ልጅ አድራሻ ሊሰጠው የሞከረውም ያለ ነገር አልነበረም።

የሁለት ሰው ነገር በጉልህ የሚታየው በውኃ በሩ ላይ ነው። አንደኛዋ በስተኋላ ቆማ መሪ ይዛ ጀልባዋን በጠባቡ የድንጋይ ክፍል ውስጥ ታስገባለች፤ በየጎኑ የሚተርፋት ቦታ በጣት የሚለካ ነው። ሌላዋ የብረት እጀታዋን ወገቧ ላይ ሽጣ በእግር ቀድማ ትሄዳለች፤ ከባዱን በር በጀርባዋ ገፍታ ትዘጋለች፣ የውኃ መልቀቂያውን ትከፍታለች። ውኃው በፍጥነት ቢለቀቅ ጀልባዋ ከግንብ ትጋጫለች፤ ወደ ታች ስትወርድ የኋላዋ ጫፍ በድንጋዩ ደፍ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ ልትሰጥም ትችላለች። በሞተሩ ድምፅ መካከል መነጋገር አይቻልም። የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነው፤ ከብዙ በሮች በኋላ ደግሞ ያለ ምልክት። ተንሳፋፊ ሰደርያ የለበሰው ልጅ ከጓዳው ደጃፍ እንዳይወጣ ሁለቱም በየተራ በዓይናቸው ይጠብቁታል።

በየአራት ዓመቱ ወደ ጀልባዋ የሚመጣ መርማሪ አለ። የጋዝ ቱቦውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን፣ የነዳጅ ጋኑን ያያል። ከ2019 ጀምሮ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኖሩን ያረጋግጣል፤ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎቹንም ይመለከታል። ምድጃው የከሰል ነውና አየር አሁንም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። በያዘው ቅጽ ላይ አልጋው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር የለም። ፈርሞ ይወርዳል፤ እነርሱም ቀኑ ደርሶባቸው ከሆነ ገመዱን ይፈታሉ።